ቁጭ ብዬ የጾምኩት ፍልሰታ

ቤትሽ የት ነው ብትሉኝ መልሴ እንደ ወሩ ነው። መኸር ሲደርስ ሽንዲ በኩል ከሚያርሰው ልጄ ዘንድ ነኝ፤ እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ የልጅ ልጅ አዝላለሁ፣ ከአውድማው ዶሮ አባርራለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ፤ እዚያ ሴቷ ልጄ አለች። እሷም ባሏም ቢሮ ስለሚውሉ ልጆቹን አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሲጣሉ እገላግላለሁ። በመካከሉ ደግሞ ቡሬ አለች። ቡሬ ዘመድ ሞልቶኛል፤ ዘመድ ካለ አራስ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ልቅሶ አለ። የሚኒባሱ ረዳት እንኳ ለምዶኛል።

«እምዬ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» ይለኛል።

«ወደ ጠሩኝ ነዋ!»

ይህ የቤቱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ደግሞ ለብቻው ነው። በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር አለብኝ፤ በሃያ አንድ የማርያም፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ። በእኛ አገር በበዓል ቀን ሞፈር አይነካም። በሬው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ያመሰኳል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጀ ሰላም ይቀመጣሉ። ጠላውና ዳቦው ግን በራሱ እግር አይመጣም። መጥመቅ አለ፣ ማቡካት አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፣ የቆሎ ተማሪ ንፍሮ አለ። እናም ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በሬ ያረፈበትን ቀን ሁሉ እኔ ቆሜ ውያለሁ። ይህን ያሰብኩት ግን ዘንድሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጭ ብዬ አላውቅማ!

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ነገር ያምረኝ ነበር። በፍልሰታ ሱባኤ ገብቼ በበዓሉ ቀን መቁረብ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲብት «ዘንድሮስ» እላለሁ፤ በየዓመቱ አንዱ ይወልዳል፣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ «እምዬ ድረሽልኝ» ይላል። አሁን ደግሞ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው ደብራችን የሚያወጣው ዳገት በየክረምቱ የሚረዝም ይመስለኛል። ሌላ ፍልሰታ ብጠብቅ ዳገቱ ላይ እቀር ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር በሶዬን አስፈጨሁ፣ ቆሎዬን ቆላሁ፣ ዳገቱን እያረፍኩ ወጥቼ የነፍስ አባቴ ዘንድ ቀረብኩ።

የነፍስ አባቴ በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳሉ። ሲጠመቁ ዳቦውን የቆረስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ «አባቴ» እላቸዋለሁ። ልጄ እያሉም አንቱታውን አይተዉም፤ ይኼ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ዝናቡ እያካፋ ደጀ ሰላሙ ሥር ተናዘዝኩ። ጨርሼ ራሴን ዝቅ አድርጌ ስግደቱን ስጠብቅ፣

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው ያስቀደሱት መቼ ነው?»

አሰብኩ። አሁንም አሰብኩ። ወንጌል ተነቦ ሲያበቃ ንፍሮው እንዳያር እወጣለሁ። ንፍሮው ከሌለ ሰንበቴው አለ። ሰንበቴው ከሌለ ያዘልኩት ሕፃን ያለቅሳል።

«አባቴ፣ እንጃ» አልኩ።

«እንግዲያው ቀኖናዎ ይኼ ነው። ሱባኤው እስኪያልቅ ሥራ አይነኩም። ያስቀድሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይተኛሉ፣ ቁጭ ይላሉ። መጥረጊያ የለም፣ ድስት የለም፣ እንዝርት የለም።»

«ስግደቱስ?»

«በየትኛው ጉልበትዎ? ስግደት የለም።»

ቅር አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የተከማቸ ኃጢአት ይዤ መጥቼ ቁጭ በይ? «አባቴ፣ ቀለለብኝ፤ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

ሳቁን በጺማቸው ውስጥ ያዙት። «ሲከብድዎት ይነግሩኛል። ካፈረሱት ግን ዘንድሮ መቁረብ የለም። ለሰውም አይነገርም፤ ቀኖና በእርስዎና በእኔ መካከል ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

የሱባኤ ጎጆዬ በቅርንጫፍ ቆሞ ላስቲክ የለበሰ፣ እጥፍ ብዬ የምገባበት ነበር። ጎረቤቴ በወምበርማ በኩል የመጡ እማሆይ ናቸው። እሳቸው ጆሯቸው ጥቂት ይከብዳል፤ ዓይናቸው ግን ሁለት ሰው ያህል ያያል። ከስንቄ ጋር ልማድ ሆኖብኝ የጥጥ መሶቤን ከነእንዝርቴ ይዤ መጥቼ ኖሯል። እንዳላየው ከመኝታዬ ራስጌ ወሸቅኩት። ማታ ማታ በጎኔ ሲቆረቁረኝ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። በደጃፌ ካለው ጽድ ዛፍ ሥር ቅጠል ረግፎ ተከምሯል፤ መጥረጊያው ከግንዱ ተደግፎ ቆሟል። እጄ ሳላዘው ወደሱ ሄደ። መለስኩት። ደግሞ ሄደ። በኋላ ሁለት እጆቼን ከታች አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። እጄ ሲደነዝዝ ገላገለኝ።

ቀጥሎ የተማሪውን ንፍሮ የሚቀቅሉት ሴቶች ጠሩኝ። ትልቁ ድስት ሲጣድ ጨው የምመጥነው እኔ ነኝ፤ ይህን ደብሩ በሙሉ ያውቃል።

«እምዬ፣ ይምጡ እንጂ! ጨዉን ማን ይመጥናል?»

«እናንተው መጥኑት» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

ማማሰያው ቆመ። እርስ በርስ ተያዩ። ለምን እንዳልመጣሁ እንዳልነግራቸው ቀኖና ይዞኛል፤ ፈገግ ብቻ አልኩ። ፈገግታው ነገሩን አባሰው።

ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሆኜ አረፍኩት። አንዷ ግንባሬን ዳስሳ «ይሞቃል» አለች፤ ሌላዋ ዳስሳ «ይቀዘቅዛል» አለች። አንዷ ጠበል በጀሪካን አመጣች፤ አንዷ ዳማ ከሴ በጥሳ አፍንጫዬ ሥር ጨመቀችልኝ፤ እስኪያስነጥሰኝ። ሳስነጥስ «ይኸው!» ተባባሉ። ቡሬ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ነበረች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች። በአጠገቤ ስታልፍ ወደ ሰማይ እያየች፣

«አንዳንዱ ሰው ለሱባኤ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ለጡረታ» አለች።

እማሆይ የፈለጉትን ሲሰሙ ጆሯቸው አይከብድም። «የጡረታው ደጅ ክፍት ነው፤ አንቺም ግቢ!» አሏት።

ማታ ንፍሮው መጣ። ጨዉን ሁለት ሴቶች ለየብቻ ጨምረውት ኖሮ ምላስ ያቃጥላል። ተማሪው ሁሉ እየበላ ወደ ውኃው ይሮጣል። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። ሴቶቹ ደግሞ «አንቀጠቀጣቸው፣ ብርድ ነው» ብለው ሌላ ጋቢ ደረቡልኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ መቀመጥ ለመድኩ። ለመድኩ ስል ደግሞ ዕረፍት የሚባለው ነገር እንዴት ያለ ተንኮለኛ መሰላችሁ! አንድ ቀን ኪዳን አድርሼ ቅዳሴ እስኪገባ ብዬ ጽዱን ተደገፍኩ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ስነቃ ዝናብ ይጥላል፤ እኔን ግን አይነካኝም። ቀና ስል እማሆይ የሣር ገሳቸውን በላዬ ይዘው ቆመዋል፤ የራሳቸው ትከሻ በስብሷል።

«እማሆይ! ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?»

«ኧረ ያንኮራፋሉ!»

«እኔ?»

«ዲያቆኑ ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን ልብስ አስገባ።»

በቀን መተኛቴ ኃጢአት መሰለኝና ደንግጬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ በጠራራ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ» አልኳቸው።

«እሰይ! ነገም ይተኙ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ቅዳሴውን ደግሞ ልንገራችሁ። የፍልሰታ ቅዳሴ ቀትር ላይ ነው የሚገባው። ወንጌል ተነቦ ሲያበቃ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዞረ። ምንም የሚጠብቀኝ ድስት እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለእኔ አዲስ አገር ነበር። ይህን ዕድሜ የኖርኩበት ቅዳሴ ግማሹን ሳላየው ኖሬያለሁ! እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ የሚባልበት አለ፤ በጭስ ቤት ሆኜ ከሩቅ ሰምቼው ይሆናል እንጂ ቆሜበት አላውቅም። ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ እጅ ሲነሣ እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ዞር ስል ያቺ የቡሬዋ ባለ ሱቅ ናት በአጠገቤ ያለችው። እጅ ነሣችኝ። እኔም ነሣኋት። ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን። አንዱ ሽማግሌ በመቋሚያቸው መሬቱን ኳ አደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደስታ አላስቀምጥ አለኝ። ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድበው ደስ ይለኛል። ጭቃው እግሬን ሲስመው ደስ ይለኛል። ስጸልይ በፊት የልጆቹን ስም ጠርቼ፣ የከብቱን ጠርቼ፣ የሚቦካውን ሊጥ አስቤ አሜን እል ነበር። አሁን ጠርቼ ስጨርስ ገና ጊዜ ተርፎኝ እዚያው እቀራለሁ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ምንም አላልኩ ይሆናል። ብቻ እንደ ሙሽራ ልቤ ይዘላል፤ በዚህ ዕድሜዬ! እማሆይን «ይኼ ነገር ጤና ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ምን? ጤፍ ነው?» አሉኝ። ተውኩት።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ነገ እቆርባለሁ። ከጎጆዬ በር ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ ልጄ ከታች ስትመጣ አየኋት። የፍኖተ ሰላሟ ናት። የቢሮ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃው እስከ ባቷ ወጥቶ፣ እያለከለከች ዳገቱን ትወጣለች።

«እማ! ምንሽን ነው?»

«ምኔን?»

«ደጅ ያሉት ሴቶች እናትሽ ከተቀመጡ አልተነሡም አሉኝ። ጠበሉም አልያዛቸውም አሉ።»

«እውነታቸውን ነው፤ አልተነሣሁም።»

ፊቴን አገላብጣ አየችኝ። «ወፍረሻል እኮ! በጾም ሰው ይወፍራል?»

«አርፌ ነው።»

«እሰይ፤ ካረፍሽ ተነሺ እንሂድ!»

ለካ የመጣችው ጉዳይ ይዟት ነው። ነገ አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የእሷ ነው። ሠራተኛዋ ለፍልሰታ አገሯ ገብታለች። ጠላው በጋኑ እንዳለ አልተጠለለም፤ ሊጡ አልተቦካም፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ይመጣል።

«ለዛሬ ብቻ፣ እማ። ጠላውን ብቻ አጥልይልኝ፤ ዳቦውን ብቻ ጋግሪልኝ፤ ቤቱን ብቻ…» እያለች «ብቻ» የሚባለውን ነገር ደረደረችው።

የወለድኳት ልጅ ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከሰኞ ጀምሮ አልተኛሁም ትላለች። ሳላውቀው መቀነቴን እያጠበቅኩ ነው። ሳላውቀው ተነሥቻለሁ። እማሆይ ከጎጇቸው ሆነው «እህ!» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገ ትዝ አለኝ። ዛሬ ድስት ከነካሁ ነገ የለም፤ የከርሞውን ደግሞ ዳገቱ ያውቃል። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«አልመጣም፣ ልጄ።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። «ለምን?» አለችኝ።

«አልነግርሽም።»

ይኼኔ ገባት። የቄስ አገር ልጅ ናት፤ ሰው በፍልሰታ «አልነግርሽም» ካለ ምን እንደያዘ ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቀኖና ነው?» አለችኝ። ነጠላዬን ማስተካከሌን ቀጠልኩ። «ከባድ ነው?»

«እጅግ!» አልኩ፤ ከልቤ።

«በዚያ ጉልበትሽ ሊያሰግዱሽ ነው? አሁን አሳያቸዋለሁ!» ብላ ጫማዋን እዚያው ጥላ ወደ ነፍስ አባቴ ገሠገሠች። እሳቸው የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ጥግ፣ ከጎጆዬ ቅርብ ቆመው ነበር፤ ስለዚህ ንግግሩን እኔም እማሆይም በደንብ ሰማነው።

«አባታችን፣ እናቴ ከብዷታል!»

«ከብዷቸዋል?»

«ከብዷታል እንጂ! ይህ እኮ ለእሷ አቅም አይደለም። እኔ ላግዛት። የቀረውን ግማሹን እኔ ልቀበል።»

በእኛ ዘንድ ይህ አለ። ስግደት የከበደበትን ሰው ልጁ ወይ ወንድሙ ከነፍስ አባቱ አስፈቅዶ ይካፈልለታል። ልጄ ማሰቧ፣ ስግደቱን ፈጥና ሰግዳ እኔን ይዛ ልትወርድ ነው።

«ምን እንደሆነ ሳትሰሚ ትቀበያለሽ?» አሏት።

«የፈለገው ይሁን!»

«ወደ ኋላ የለም?»

«የለም!»

መስቀሉን አሳለሟት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት። ያን ጊዜ የልጄን ፊት ባያችሁ! ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«እማ… ቁጭ ማለት ነው እንዴ?»

እማሆይ ቆባቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

«ምነው ሳትነግሪኝ!»

«አይነገርማ!»

«አሁን ታዲያ ማን ሊሄድ ነው?»

«ማንም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣልኝ እንዴት ደስ አለኝ!

ስልኳን አውጥታ ባሏን ጠራች። እሱ የሚለው አይሰማኝም፤ የእሷ ግን ይኸው፦ «ስማ፣ ጠላውን አንተ አጥልለው… አዎ፣ አንተ… ማጥለያው እዚያው ነው፣ ፈልገው… ዳቦውን ከዳቦ ቤት ግዛ… አልመጣም፤ ቀኖና ላይ ነኝ… የእኔ አይደለም፣ የእማ ነው… ኧረ አልሞተችም! ቁጭ ብላለች… እኔም ቁጭ ብያለሁ!» ስልኩን ዘጋችው።

ተቀመጠች። ተቀመጠች ማለት ይከብዳል እንጂ። መጀመሪያ ከጋቢዬ ላይ ክር መልቀም ጀመረች፤ እማሆይ «እጅ!» ብለው ጮኹባት። ቀጥላ ጫማዋን ልታጥብ ተነሣች፤ «እጅ!» ደግማ ተቀመጠች። በኋላ ራሷን በጥጥ መሶቤ ላይ ጣል አደረገችና በአንድ አፍታ ተኛች፤ አፏን ከፍታ፣ ሕፃን ሳለች እንደምትተኛው። ቀትር ሲሆን ለቅዳሴ አስነሣናት፤ ከቅዳሴ መልስ ደግማ ተኛች። ሴቶቹ ሲያልፉ አይተው ክው አሉ።

«ልጅቷንም ያዛት! ይተላለፋል እንዴ?»

የቡሬዋ ባለ ሱቅ ቆም ብላ አየችን፤ እኔን፣ ልጄን፣ እማሆይን። «እንዲህ ያለው በሽታ የት ነው የሚገኘው? ሱቄን ዘግቼ ልታመመው ነበር» አለች። እማሆይም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ጥቂት ተቀመጠች፤ ንፍሮው ግን ጠራትና ሄደች።

በማግሥቱ ቆረብኩ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም፤ ደግሞም አልችልም። ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው አስቀደሰች፤ ሰላም ተባባሉ ሲባል ያን ሁሉ ሰው አልፋ ከሩቅ ወደ እኔ እጅ ነሣች። የቅዳሴውን ጠበል ጠጥቼ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። የቆረበ ሰው አፉን ይሰበስባል፤ አያወራም፣ ምራቁን አይተፋም፣ ጥርሱን አያሳይም። ከጽዱ ሥር ቀስ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ልጄ አጠገቤ ሆና ስልኳን ከፈተች። ወዲያው ጮኸ። ባሏ ነው።

«እሺ፣ እንዴት ሆነልህ?… አጠለልከው? ጎበዝ!… ማጥለያውን አገኘኸው?… አላገኘኸውም? ታዲያ በምን…» ፊቷ ቀላ። «በየትኛው ነጠላ?… ነጩ? ባለ ጥልፉ? ለማኅበሩ ያስቀመጥኩት?!… አንተ ሰው! እንዴት ያጠልላል መሰለሽ ትለኛለህ?… ጥሩ ያጠልላል?!»

ሳቄ መጣ። ነጠላዬን በሁለት እጄ አፌ ላይ አጠበቅኩት። እንባዬ በጉንጬ ወረደ።

ልጄ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ልትቆጣ ፊቷን አኮሳትራ ነበር፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ አላት።

«እማ፣ እንዳትስቂ። ቆርበሻል እኮ! እማ፣ እንዳትስቂ ብዬሻለሁ!» እያለች እሷው መሬት ላይ ተንከባለለች፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ይዤ፣ ሳቄን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ዋጥኩት።